በ36 ዓመቴ ሳይክል ተማርኩ፦ ሆላንድ ውስጥ ያስከፈለኝና ያተረፈልኝ

ሆላንድ የገባሁ ዕለት ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ፣ ሻንጣዬን አጠገቤ አቁሜ ባለቤቴን እጠብቃለሁ። የቆምኩበት አስፋልት ቀይ ነው። ቆንጆ አስፋልት ነው ብዬ አለፍኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አራት ሰው ደወል ደወለብኝ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ የሆነ ነገር እየጮኸች አለፈች። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። ባለቤቴ ሲደርስ ገና ከሩቅ «ውረጂ ከዚያ ላይ!» አለኝ። ለካ የሳይክል መንገድ መሃል ነው የተገተርኩት።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እጄ ተሰብሯል፣ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ሳይክል ስነዳ ተገኝቻለሁ፣ ቅጣትም በፖስታ ደርሶኛል። አሁን ግን ክረምት ከበጋ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። ይህን የምጽፈው አዲስ ለመጡና ሳይክሉን ፈርተው የአውቶቡስ ካርዳቸውን ለያዙ ወገኖቼ ነው። በተለይ ለሴቶች።

መጀመሪያ እኔም «ሳይክል የግድ ነው እንዴ?» ባይ ነበርኩ። የምንኖረው ዴን ሃግ ነው፤ እኛ ሄግ የምንለው ከተማ። ትራም አለ፣ አውቶቡስ አለ። ሥራ ሳገኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ቬስትላንድ የሚባለው አካባቢ ነው። እዚያ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ የመስታወት ግሪንሃውስ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አበባ። ሥራ የሚገባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት እኔ ጋ የሚደርስ አውቶቡስ የለም። ከቤቴ 8 ኪሎ ሜትር ነው። አለቃዬ «እንዴት ትመጫለሽ?» ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ሳይክልሽን ከውስጥ ነው የምታቆሚው ከውጭ?» ብሎ ነው። እዚህ አገር ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ሳይክሉ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ሳይክል የማይችል ትልቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ግን አልችልም ነበር። ጉለሌ ያደግን ልጆች ታስታውሱ ይሆናል፣ ሰፈር ውስጥ ሳይክል በደቂቃ የሚያከራይ ነበር። ወንድሞቼ ሳንቲም አጠራቅመው ይከራያሉ፣ እኔ ቆሜ ደቂቃ እቆጥርላቸዋለሁ። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ወጣች ማለት ለእናቴ ጉድ ነበር። በዚያ ላይ ስናድግ ሳይክል የልጅ መጫወቻ ወይም መኪና ያጣ ሰው መሄጃ ተደርጎ ነው ጭንቅላታችን ውስጥ የገባው። እዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ በሳይክል ቢሮ ሲገቡ ሳይ ነው ያ ሐሳብ ከውስጤ የተነቀለው። አራት ኪሎ ላይ እንዲህ ቢሆን ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ትምህርቱን ያገኘሁት ሰፈራችን ካለው የማኅበረሰብ ቤት ነው። በብዙ የሆላንድ ከተሞች ከውጭ ለመጡ ሴቶች ሳይክል የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም በነፃ ነው። አፍራችሁ እንዳትቀሩ። ከእኔ ጋር የተማሩት ከሞሮኮ፣ ከሶሪያና ከኤርትራ የመጡ እናቶች ነበሩ። አንዷ የልጅ ልጅ ያየች ናት። አስተማሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። በስማቸው ብቻ ጥሩኝ ይላሉ፣ እኔ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ በሆዴ «እማማ» እያልኩ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሳይክሉን ሳየው ፔዳል የለውም። ፈትተው አውጥተውታል። መቀመጫውን ሁለቱም እግር መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርገው «በእግራችሁ እየገፋችሁ ሂዱ» አሉን። ሁለት ሳምንት እንደ ሕፃን ስንንሸራተት ከረምን። የተናደዱ ነበሩ፣ እኔም አንዷ ነኝ። ግን ሚዛን የሚለመደው እንደዚያ ነው። ፔዳሉ የተገጠመ ቀን አሥር ሜትር ያህል ሄድኩና ጮህኩ። ቤት ውስጥ የሚያስተምራችሁ ሰው ካለ ይህንኑ አድርጉ። ከኋላ መቀመጫ ይዞ መሮጥ ጉልበት መጨረስ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙው የሆላንድ ሳይክል፣ በተለይ የድሮው ዓይነት ረጅሙ፣ የኋላ ፍሬኑ በእጅ አይያዝም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ነው የሚይዘው። የለመደ ሰው ይወደዋል። ጀማሪ ግን ይጣላዋል፣ ምክንያቱም ለመነሳት ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሮ ማስተካከል አይቻልም። ሳይክሉን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ፔዳሉ ከፍ ሲል ነው የምትነሱት። እኔ አረንጓዴ መብራት በበራ ቁጥር ከኋላዬ ሰው አስቁሜ ከፔዳሉ ጋር ስታገል ወራት አሳልፌያለሁ። የእጅ ፍሬን ያለው መግዛት ይሻለኝ ነበር።

ወደ መግዛቱ ልምጣ፤ ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ትምህርቱን እንደጨረስኩ ጣቢያው አካባቢ አንድ ልጅ ቀርቦኝ «ሳይክል ትፈልጊያለሽ? 30 ዩሮ» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ደህና ሳይክል ከ100 ዩሮ በላይ እንደሚሸጥ አይቻለሁ። ዕድለኛ ነኝ ብዬ ከፈልኩ። ደረሰኝ የለ፣ ቁልፉም አንድ ብቻ። ከሁለት ወር በኋላ ሱፐርማርኬት ደጃፍ አቁሜው ስወጣ አንዲት ወጣት አጠገቡ ቆማለች። «ይህ ሳይክል የኔ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች፣ ስልኳ ላይ ደግሞ ፍሬሙ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አለ። አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ሰው ያየናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ጨዋ ነበረችና ፖሊስ አልጠራችም። ሳይክሏን ሰጥቻት አራት ከረጢት አስቤዛ ተሸክሜ በእግሬ ገባሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር እየተገባው የገዛ ሰው እዚህ በሕግ ይጠየቃል። 30 ዩሮ የሚባል ዋጋ ራሱ እንድትጠረጥሩ በቂ ነው። ስለዚህ ከሳይክል ጠጋኝ ሱቅ፣ ከነደረሰኙ ግዙ። ከግለሰብ ከሆነ ደግሞ የፍሬሙን ቁጥር ቀድማችሁ ጠይቁና የተሽከርካሪ ምዝገባው መሥሪያ ቤት፣ አር ዲ ደብሊው የሚባለው፣ ድረ ገጽ ላይ የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን እዩ። በነፃ ነው። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ሁለት ቁልፍ ይኑራችሁ፦ አንዱ ከኋላ ጎማው ጋር የተገጠመው ክብ ቁልፍ፣ ሌላው ከብረት ወይም ከአጥር ጋር የምታስሩበት ወፍራም ሰንሰለት። ክብ ቁልፉ ብቻውን አይበቃም፤ ሌባ አንስቶ ተሸክሞት ይሄዳል። መድን ከገባችሁ ደግሞ ሳይክሉ ሲጠፋ የቁልፉን ሁለቱንም መክፈቻ አምጡ ስለሚሏችሁ ትርፉን መክፈቻ ቤት አስቀምጡት።

ሁለተኛውን ሳይክል በ140 ዩሮ ከሰፈር ጠጋኝ ገዛሁ። ሰውየው ከእኛ ጎሚስታዎች አይለይም፤ እጁ ጥቁር፣ ሬዲዮው ሁልጊዜ ክፍት። እስካሁን ደንበኛዬ ነው።

አሁን ወደ እጄ ስብራት። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከሥራ ስመለስ የሳይክል መንገዱ አንድ የመኪና መንገድ ያቋርጣል፣ የትራፊክ መብራት የለውም። ከግራ መኪና እየመጣ ነው። እኔ በእናቴ ቤት እንደተማርኩት ትሕትና አደረግሁ። ቆምኩለት። ድንገት፣ መሃል መንገድ ላይ፣ «እለፍ» ብዬ በእጄ እያሳየሁት። ባለመኪናው ግን እኔን ለማሳለፍ ቀድሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። ከኋላዬ የሚመጡት ሽማግሌ ደግሞ እቆማለሁ ብለው በምን ይጠርጥሩ? መጥተው ገጩኝ። እሳቸው በእግራቸው መሬት ረግጠው ተረፉ፣ እኔ በእጄ ወደቅኩ።

ሰውየው አንስተውኝ፣ አምቡላንስ ልጥራ አልጥራ ሲሉ ቆይተው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለምን ቆምሽ?» ቁጣ አልነበረበትም፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነው። መኪናውን አሳየኋቸው። እሳቸው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ያለውን ነጭ የሦስት ማዕዘን ረድፍ አሳዩኝና «ይሄ እኮ ለእሱ ነው» አሉኝ። በየቀኑ ሳልፍ አየው ነበር። ጌጥ ነበር የሚመስለኝ።

እጄ በጀሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቤት ስቀመጥ ብዙ አሰብኩ። እኛ እኮ በር ላይ ስንደርስ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ አንቺ ግቢ» ስንባባል ምግቡ ይቀዘቅዛል። ቅድሚያ መስጠት ለእኛ ፍቅር ነው። እዚህ መንገድ ላይ ግን ቅድሚያ የሚሰጥም የሚለመንም አይደለም። መሬቱ ላይ ተጽፏል። የአንቺ ከሆነ ትሄጃለሽ፣ ካልሆነ ትቆሚያለሽ። ከፊትም ከኋላም ያለው ሰው ሁሉ ያንን ታደርጊያለሽ ብሎ ነው የሚነዳው። ከፍጥነትም በላይ አደገኛው ያልተጠበቀ ነገር ማድረግ ነው።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ቀጭን ደብተር ይዛ መጣች። እዚህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ11 ዓመታቸው ገደማ የትራፊክ ፈተና ይወስዳሉ። የጽሑፍ አለው፣ በሳይክል መንገድ ላይ የሚደረግም አለው። ደብተሩን ተቀበልኳትና ማታ ማታ አብረን አጠናን። እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ስሳሳት በሳቅ ትሞታለች። ሕዝቡ ሁሉ በልጅነቱ የተማረውን እኔ በአንድ እጄ ተማርኩ። ቋንቋው ቀላል ስለሆነ ደችም ይለመድበታል። ልጅ ያላችሁ ደብተሩን ተበደሩ።

ከተማርኩት ውስጥ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። እነዚያ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች የሻርክ ጥርስ ይባላሉ። ጫፋቸው ወደ እናንተ ከዞረ ቅድሚያ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ወደ ሌላው ከዞረ ሂዱ፤ ግን የባለመኪናውን ዓይን እያያችሁ። ምንም ምልክት የሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣ ቀድሞ ያልፋል፣ መኪናም ይሁን ሳይክል። ትራም ግን ከግራም ቢመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው። ሁልጊዜ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚቀድም በግራ ይቀድማል። ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይፈቀዳል፣ ሦስት ሆኖ ግን አይቻልም። ስትታጠፉ እጃችሁን ወደምትታጠፉበት ዘርጉ። ወደ ግራ መታጠፍ የሚያስፈራችሁ ከሆነ መንገዱን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ እዚያ ቁሙ፣ ከዚያ ዞራችሁ ሂዱ። እኔ አሁንም ሰፊ መንገድ ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ማንም አልሳቀብኝም። መቆም ካለባችሁ ደግሞ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ከመንገዱ ውጡ፣ ከዚያ ቁሙ። ስልክ ቢጮኽም፣ ነጠላችሁ ቢወድቅም።

ነጠላ ካልኩ አይቀር፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ በሳይክል ወደ ግብዣ ስሄድ የነጠላዬ ጥለት የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ገባ። አንገቴን ሊያንቀኝ ነበር። ቅባት የነካው ጥለት እስካሁን አልለቀቀም። ጎማው በሁለቱም ጎን ሽፋን ያለው ሳይክል ግዙ፣ ነጠላውን ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት።

ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እጁን ለቅቆ ይነዳል፣ ከኋላው ሰው ጭኖ ይነዳል። ስማር ሲስቅብኝ ነበር የከረመው። ግን ከእኔ በላይ የተቀጣው እሱ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ ሳይክል መንዳት እንደ ፈረንጆቹ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በዚያ ተቀጣ። ቀይ መብራት ጥሶ ደግሞ ሌላ። «ማንም አልነበረም እኮ» ይላል። ፖሊሱ ነበረ።

የእኔ ቅጣት የመብራት ነው። ማታ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። የኋላው ባትሪው አልቆ ኖሯል፣ እኔ በምን አየዋለሁ? ቅጣቱ በፖስታ ሲመጣ የአንድ ቀን ደሞዜን ሊጨርስ ትንሽ ነው የቀረው። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ጨለማ ነው። የሚሞላ መብራት ግዙና ልክ እንደ ስልክ ማታ ማታ ሶኬት ላይ ሰኩት።

የትራም ሐዲድ ደግሞ ለብቻው ይነገርለት። ሄግ፣ አምስተርዳምና ሮተርዳም ያላችሁ ስሙኝ። የሐዲዱ ስንጥቅ የሳይክል ጎማ በልኩ ይይዛል። ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ቀስ ብላችሁ ልሻገር ካላችሁ ጎማው ይገባና ትወድቃላችሁ። ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩና ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት። ዝናብ ከሆነ ሐዲዱ ላይ አትታጠፉ፣ ፍሬንም አትያዙ። ካልተመቻችሁ ወርዶ መግፋት ነው።

ስለ ዝናብ ብዙ አልልም። የዝናብ ሱሪና ጃኬት ግዙ፤ ፖንቾ ነፋስ ሲገባበት እንደ ጀልባ ሸራ ይጎትታችኋል። እኔን ያስለቀሰኝ ነፋሱ ነው። ሀገሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ዳገት የለም ብለው ያታልሏችኋል። ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ከፊት ሲመጣ እንጦጦን በሳይክል እንደመውጣት ነው። እንጦጦ ግን ሲያልቅ ያልቃል። ነፋሱን በጉልበት አትታገሉት። ማርሹን አቅልላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። ጎማችሁንም በየሁለት ሳምንቱ ንፉ። እኔ «ደከምኩ፣ አረጀሁ» እያልኩ ለካ ጎማዬ ተንፍሶ ነው።

አንድ የገንዘብ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የቆመ መኪና በሳይክል መሪዬ ጫርኩና ከኪሴ ከፈልኩ። ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚሆን መድን አለ፤ ለቤተሰብ በወር ጥቂት ዩሮ ነው። ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግቡ።

አስተማሪዬን አልረሳቸውም። ጀሶዬ ሲፈታ ሊጠይቁኝ መጥተው ቡና ላይ አወራን። «እናንተ ስትወለዱ ጀምሮ እንደዚህ ናችሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። እሳቸው ወጣት ሳሉ ከተማው የመኪና ነበር አሉኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ1971 ብቻ በመላ ሀገሪቱ ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ ሞቷል፣ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሰው አውራ ጎዳናው ላይ በሳይክልና በእግሩ ወጣ። ቀዩ አስፋልት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በመጣሁበት ቀን ሻንጣዬን ያቆምኩበት አስፋልት። ነገርኳቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ዛሬ እሑድ እሑድ አየሩ ደህና ከሆነ ሦስታችንም ወደ ስኬቬኒንገን ባሕር ዳርቻ እንነዳለን። ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ልጄ ከኋላ። እሱ እስካሁን ሲታጠፍ እጁን አያወጣም። ልጄ ከኋላ ሆና መንገደኛው እስኪዞር ድረስ «አባዬ፣ እጅ!» እያለች ትጮኻለች። እሱም እንዳትቆጣው ያህል ያወጣል። ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን እጅ ነው።